«መጽሐፉ ላይ ይሰራል፣ እኔ ጋ አይሰራም»

ሰሞኑን የደረሱኝ ጥያቄዎች አብዛኞቹ ከዚሁ ከባህር ዳር ናቸው፣ አንዷ ደሞ ከሐይቁ ማዶ ከጎርጎራ። ላይ ላዩን ሲታዩ አይገናኙም፣ አንዱ ስለ ፓይተን ቋንቋ አንዱ ድረ ገጽ ሚሰራበት ስለሆነው ፒኤችፒ አንዷ የስልክ አፕ ሚሰራበት ስለሆነው ፍላተር ነው ሚጠይቁት፣ ውስጡ ግን ያው አንድ ችግር ነው፦ ኮዱ ሲጻፍ የነበረው ቨርዥን ሌላ፣ ዛሬ እኛ ላፕቶፕ ላይ ያለው ሌላ። ስለዚ የዚህን ወር አምድ በሙሉ ለሱ ሰጠሁት።

ጥያቄ፦ ሰላም ጋሼ፣ እንደምን አለህ። የ2ኛ ዓመት ተማሪ ነኝ፣ ሽምብጥ ነው ምኖረው። ፓይተን በራሴ እየተማርኩ ነው፣ ከአንድ ልጅ የተዋስኩት በፎቶኮፒ የተባዛ ሃንዳውት አለኝ፣ ሽፋኑ ላይ 2012 ይላል። የመጀመሪያው ምሳሌ ራሱ እምቢ አለኝ። ፕሪንት ብሎ በጥቅስ ውስጥ ሰላም ይላል፣ ፊደል በፊደል ገለበጥኩት፣ ሲንታክስ ኤረር። ሁለት ቀን ሙሉ አፈጠጥኩበት። አንድ ጓደኛዬ ቅንፍ ጨምርበት ብሎኝ ሰራ፣ ከዛ ሮው ኢንፑት ሚለው ላይ ስደርስ ደሞ አላውቀውም አለኝ፣ እሱንም እንደምንም አለፍነው። አሁን ያለሁበት ምዕራፍ ላይ ጭራሽ ኤረር የለም ግን መልሱ ከሃንዳውቱ ጋር አይገጥምም፣ 7 ለ2 ሲካፈል ወረቀቱ ላይ 3 ነው እኔ ጋ 3.5 ይመጣል። ማነው የተሳሳተው? አንዳንዴ እኔ ለዚ ነገር አልተፈጠርኩም መሰለኝ እላለሁ።

መልስ፦ ወንድምዬ፣ የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር ከደብዳቤህ ላይ ሰርዛት። አንተም አልተሳሳትክም፣ ሃንዳውቱን የጻፈውም ሰው አልተሳሳተም። እሱ የጻፈው ለፓይተን 2 ነው፣ አንተ ጋ ያለው ፓይተን 3 ነው፣ ስማቸው አንድ ይሁን እንጂ ሰዋስዋቸው ይለያያል። እኔም ስጀምር እንዳንተው ከሰው ኮፒ ባደረኩት ወረቀት ነበር፣ እና አንድ ሳምንት ሙሉ ማታ ማታ እየተቀመጥኩ የሆነች ነጥብ ወይ ኮማ ረስቼ ነው ብዬ ስፈልግ ከረምኩ። ያኔ ማንም «ቨርዥንህን አይተሃል?» ብሎ አልጠየቀኝም። ለዚ ነው ያንተን ደብዳቤ መጀመሪያ ያደረኩት።

እስቲ ሽፋኑ ላይ ያለውን 2012 እንየው። በኛ ነው በፈረንጅ? ይሄን ጥያቄ ብዙ ሰው ይዘለዋል፣ ግን እኛ አገር ወሳኝ ነው። በፈረንጅ 2012 ከሆነ ያኔ ብዙው ሰው ገና በፓይተን 2.7 ነበር ሚጽፈው። በኛ 2012 ዓ.ም. ከሆነ ግን ሌላ ዘመን ነው፣ የዛን ዓመት ጥቅምት ላይ ፓይተን 3.8 ወጥቷል፣ ታኅሣሥ 22 ደሞ፣ በፈረንጅ ጃንዋሪ 1 ቀን 2020 መሆኑ ነው፣ የፓይተን 2 ድጋፍ አብቅቷል። ሽፋን ግን አይታመንም፣ ሃንዳውት ከእጅ እጅ እየተባዛ ሲሄድ ሽፋኑ ይታደሳል ውስጡ ያው ይቀራል። ዘመኑን ከኮዱ ነው ምታነበው። ፕሪንት ያለ ቅንፍ ካየህ ፓይተን 2 ነው፣ ሮው ኢንፑት ካየህ እሱው ነው፣ ኤክስሬንጅ ወይ ዩአርኤል ሊብ ቱ ካየህም እሱው ነው። ፓይተን 3 መጀመሪያ የወጣው በፈረንጅ ዲሴምበር 2008 ስለሆነ ሁለቱ ከአስር ዓመት በላይ ጎን ለጎን ኖረዋል፣ ለዛ ነው እስካሁን የተደባለቀ ነገር ሚያጋጥምህ።

የፕሪንቷ ነገር ቀላል ናት፣ እንደውም አዲሱ ፓይተን ራሱ ኤረሩ ላይ ቅንፍ ጎድሎሃል ብሎ ይነግርሃል፣ ትሬስባክ፣ የኤረሩ ዝርዝር ማለት ነው፣ ሲመጣ ከላይ ያለውን ርዝመት አይተህ አትደንግጥ፣ ከታች የመጨረሻዋን መስመር መጀመሪያ አንብብ። ሮው ኢንፑት አሁን ኢንፑት ሆኗል። ግን እዚ ጋ አንድ ጉድጓድ አለ፦ ድሮ ራሱ ኢንፑት ሚባል ሌላ ነበር፣ እሱ የተጻፈለትን አስልቶ ቁጥር አድርጎ ነበር ሚሰጥህ። ያሁኑ ሁሌ ጽሑፍ ነው ሚሰጥህ። ስለዚ የድሮው ምሳሌ ቁጥር ተቀብሎ በ2 አባዛ ካለህና 7 ብታስገባ 14 አይመጣም፣ 77 ነው ሚመጣው፣ ጽሑፉን ሁለቴ ደገመልህ ማለት ነው። ኢንት በሚለው ከበው ከዛ ቁጥር ይሆናል።

አሁን ወደ 3 እና 3.5 እንምጣ፣ ከሁሉም ይሄ ነው እኔን ሚያሳስበኝ፣ ምክንያቱም ኤረር ሲመጣ ቢያንስ አንድ ነገር እንደተበላሸ ታውቃለህ፣ ይሄ ግን ዝም ብሎ ያልፋል። ፓይተን 2 ሁለት ሙሉ ቁጥሮችን በአንድ ስላሽ ስታካፍል ክፍልፋዩን ጥሎ ወደ ታች ያወርደዋል። ሁለት አስጋሪዎች 7 ቆሮሶ ቢካፈሉ ለእያንዳንዳቸው 3 ይልሃል፣ የተረፈችውን አይነግርህም። ፓይተን 3 ግን 3.5 ይልሃል። የድሮውን መልስ ከፈለክ ስላሹን ሁለት ታደርገዋለህ። ጥያቄው ታድያ ሃንዳውቱን የጻፈው ሰው ምን ፈልጎ ነበር ነው። አማካይ እያሰላ ከሆነ ያንተ 3.5 ትክክል ነው፣ እንደውም የሱ መልስ ነው የተቆረጠው። ዝርዝር ውስጥ መሃል ያለውን ቦታ እየፈለገ ከሆነ ግን፣ ዝርዝሩን ግማሽ ለግማሽ እየከፈለ ሚፈልገው ባይነሪ ሰርች ላይ እንደሚደረገው፣ 3.5ኛ ቦታ ሚባል የለም፣ ፓይተንም ሙሉ ቁጥር አምጣ ይልሃል፣ እዛ ሁለት ስላሽ ነው። እያንዳንዱን ማካፈል አስበህበት ነው ምትቀይረው፣ በጅምላ ፈልግና ተካ አታድርገው።

አንድ ነገር ልጨምርልህ፣ ይሄ የኛ ጉዳይ ስለሆነ ነው። ሃንዳውቱ ላይ አማርኛ ያለበት ምሳሌ ካለ ጭራሽ ሌላ መልስ ታያለህ። ፓይተን 3 ላይ «ባህር ዳር» ስንት ፊደል ነው ብለህ ርዝመት በሚቆጥረው በሌን ብትጠይቀው ክፍት ቦታውን ጨምሮ 6 ይልሃል። ፓይተን 2 ላይ ያንኑ በተራ ጥቅስ ጽፈህ ብትጠይቀው 16 ይልሃል፣ ምክንያቱም እሱ ሚቆጥረው ባይቱን ነው፣ ፊደል ወደ ባይት በሚቀየርበት በዩቲኤፍ 8 አንድ የኛ ፊደል 3 ባይት ይይዛል፣ አምስት ፊደል 15 ከክፍት ቦታው ጋር 16። ፊደላችን ለዓለም ፊደላት የጋራ ቁጥር ሚሰጠው ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በፈረንጅ 1999 ነው፣ ግን ፓይተን ላይ ያለ ምንም ልዩ ምልክት እንደ ፊደል መቆጠር የጀመረው በ3 ነው። በአማርኛ መስራት ለሚፈልግ ሰው ይሄ ብቻውን ወደ አዲሱ ለመሄድ በቂ ምክንያት ነው።

ስለዚ ምን ታድርግ? ፓይተን 2ን ፈልገህ አትጫን። ቱ ቱ ትሪ ሚባል የድሮውን ኮድ ሚቀይር መሳሪያ ከፓይተኑ ጋር አብሮ ይመጣ ነበር፣ ከ3.13 ጀምሮ እሱም ወጥቷል፣ ደሞ እንዳልኩህ ማካፈሉን በሱ መተው አይገባም። ሃንዳውቱን ለሎጂኩ ያዘው፣ ሉፕ ያው ሉፕ ነው ኢፍም ያው ኢፍ ነው፣ አጠገቡ ግን የፓይተንን የራሱን ቱቶሪያል አስቀምጥ፣ ዶክመንቴሽኑ ገጽ ላይ ከላይ ቨርዥን መምረጫ አለ፣ ያንተን ምረጥ። ያንተን ለማወቅ ተርሚናሉ ላይ ፓይተን ብለህ ሁለት ሰረዝ ቨርዥን ብለህ ጻፍ፣ በቃ።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ዕድሜዬ 58 ነው፣ የኮምፒውተር ሰው አይደለሁም። ሐይቁ ዳር ትንሽ የእንግዳ ማረፊያ አለችን፣ የእህቴ ልጅ ተማሪ እያለ አልጋ ሚያዝበት ድረ ገጽ ሰርቶልን ነበር፣ ለብዙ ዓመት ያለ ችግር ሰራ። ባለፈው ወር ድረ ገጹን ያስቀመጥንበት ድርጅት ሲስተም አሻሽለናል ሚል መልእክት ላከ፣ ከዛን ቀን ጀምሮ ነጭ ገጽ ላይ ፌታል ኤረር፣ ማይኤስኪውኤል ኮኔክት ሚባለው አይታወቅም ሚል ነገር ብቻ ነው ያለው። ልጁ ውጭ ነው ያለው፣ በስልክ ሲነግረኝ የድሮውን መልሱልን በላቸው ይለኛል። ልበላቸው?

መልስ፦ ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። የእህትዎ ልጅ ሲሰራው በጊዜው ሁሉም እንደሚሰራው ነው የሰራው፣ አይቆጡት። ያቺ ከዳታቤዝ ጋር ምታገናኝ ትእዛዝ ከፒኤችፒ 5.5 ጀምሮ ትቀራለች ተብሎ ተነግሮ ነበር፣ በፈረንጅ ዲሴምበር 2015 ፒኤችፒ 7 ሲወጣ ጨርሶ ተወገደች። ማለትም ድርጅቱ ያሻሻለው ዛሬ ቢሆንም ነገሩ ካለቀ ቆይቷል።

የድሮውን መልሱልን አይበሏቸው። ለመማር በራስ ላፕቶፕ ላይ አሮጌ ቨርዥን መጫን አንድ ነገር ነው፣ እንግዳ ስሙንና ስልኩን ሚያስገባበት ለዓለም ክፍት የሆነ ገጽ ላይ ግን ሌላ ነው፣ የፒኤችፒ 5 ተከታታይ የመጨረሻ የሆነው 5.6 የደህንነት ጥገና ማግኘት ያቆመው በ2018 መጨረሻ ነው፣ ከዛ ወዲህ የተገኘ ቀዳዳ ሁሉ ክፍት እንደሆነ ነው። እስኪስተካከል ድረስ አንድ ተራ ገጽ ላይ ስልክ ቁጥራችሁንና አድራሻችሁን ብቻ አስቀምጡበት፣ ይሄን ድርጅቱም ሊያደርግላችሁ ይችላል። ከዛ በፊት ግን ዳታቤዙንና ፋይሎቹን በሙሉ ኮፒ ይቀበሏቸው።

ለሚሰራልዎት ልጅ ይሄን ያንብቡለት፦ ማይኤስኪውኤል ሚለው ላይ መጨረሻ አይ ፊደል ጨምሮ ማይኤስኪውኤልአይ ማድረግ ብቻ አይበቃም፣ ኩዌሪው ላይ መጀመሪያ ኮኔክሽኑን ማስገባት ይፈልጋል፣ የድሮው ላይ አያስፈልግም ነበር፣ ብዙ ሰው እዚ ጋ ነው ሚጠፋበት። አንዴ ከተነካ ደሞ ፒዲኦ ወይ ማይኤስኪውኤልአይ ላይ ፕሪፔርድ ስቴትመንት ተጠቅሞ ይጻፈው፣ እንግዳው ሚያስገባውን ጽሑፍ እንዳለ ኩዌሪው ውስጥ መቀጠል የድሮ ምሳሌዎች ሁሉ በሽታ ነው፣ ክፉ ሰው ከመጣ በዛች ሳጥን በኩል ሙሉ ዳታቤዙን ያገኘዋል። ለቻለ ሰው ለእንዲህ ያለ ትንሽ ገጽ የጥቂት ቀን ሥራ ነው ጋሼ፣ ከዜሮ እንስራው ሚልዎት ካለ መጀመሪያ ያለውን አይቶ ምክንያቱን ይንገርዎት።

ጥያቄ፦ ሰላም ላንተ ይሁን ወንድሜ። ጎርጎራ ነው ያለሁት፣ እዚ ኔት እንደልብ ስላልሆነ አንድ ጓደኛዬ ከባህር ዳር ፍላሽ ሙሉ የፍላተር ቪዲዮ ሞልቶ ላከልኝ፣ በ2020 የተሰሩ ናቸው። ፍላተሩን ግን አዲሱን ነው የጫንኩት። አሁን ፍላት በተን አላውቅም ይለኛል፣ ሬይዝድ በተንም እንደዛው፣ ከዛ ደሞ እያንዳንዱ ቫሪያብል ላይ ነል ሊሆን አይችልም ሚል ቀይ ይሞላዋል። ቪዲዮዎቹን ልተዋቸው? ስንት ተደክሞባቸው ነው የመጡት።

መልስ፦ እህቴ፣ የድካሙ ነገር ይገባኛል፣ ግማሾቹ አይጣሉም። ፍላት በተን ቴክስት በተን ሆኗል፣ ሬይዝድ በተን ኤሌቬትድ በተን ሆኗል። ቀለሙን ምትሰጪበት መንገድም ተቀይሯል፣ አሁን በስታይል ፍሮም ውስጥ ባክግራውንድ ከለር ብለሽ ነው፣ አንዳንዱ መልስ ፕራይመሪ በይ ይልሻል፣ እሱ ራሱ መካከል ላይ መጥቶ መልሶ ያረጀ ነው፣ እንዳትሸወጂ።

ነል ሚለው ግን ከስም መቀየር በላይ ነው። ፍላተር ሚጻፍበት ዳርት ሚባለው ቋንቋ በፈረንጅ ማርች 2021 በ2.12 ነል ሴፍቲን አመጣ፣ ባዶ ሊሆን ሚችለውን ነገር ከአይነቱ ኋላ የጥያቄ ምልክት አድርገሽ ካልነገርሽው አይቀበልሽም። ለተወሰነ ጊዜ የድሮውም ኮድ ይሰራ ነበር፣ ሜይ 2023 ዳርት 3 ሲመጣ በሩ ተዘጋ። ስለዚ በቪዲዮው ኮድ ላይ አንድ በአንድ ቀዩን እያጠፋሽ መማር ማለት ሁለት ነገር ባንዴ መማር ነው፣ ለጀማሪ አልመክርም። አሮጌ ፍላተር ልጫን ካልሽም አፑን ሚገነባውን የድሮ ግሬድልና የድሮ አንድሮይድ ላይብረሪ ይጎትትብሻል፣ አንዳንዶቹ ይወርዱበት የነበረው ጄሴንተር ሚባለው ማከማቻ ተዘግቷል፣ ባንቺ ኔት ይሄን ማሳደድ ዳታ መጨረስ ነው።

ቪዲዮዎቹን እንዲህ ከፋፍያቸው። ስለ ሮው፣ ኮለምን፣ ኮንቴይነር፣ ሴት ስቴት ሚያወሩትን እያቸው፣ አስተሳሰቡ አልተቀየረም። ፋየርቤዝና ሌላ ከውጭ ሚመጣ ፓኬጅ ሚያስገቡትን ዝለያቸው። ጓደኛሽን ሌላ ፍላሽ ሲልክ ቪዲዮው ከ2023 አጋማሽ በኋላ የተሰራ ይሁን በይው፣ ርዕሱ ላይ ሚጻፈውን ዓመት ሳይሆን መጀመሪያ ላይ ፍላተር ዶክተር ብሎ ጭነቱን ሲያስፈትሽ ሚታየውን የቨርዥን ቁጥር ይይልሽ፣ 3.10 እና ከዛ በላይ ከሆነ ነል ሴፍቲው አብሮ አለ ማለት ነው።

ጥያቄ፦ ህዳር 11 ሰፈር ነኝ። የወንድሜ አሮጌ ላፕቶፕ ነው ያለኝ፣ ዊንዶውስ 7 ነው። አዲሱን ፓይተን ልጭን ስል እምቢ ይላል። ላፕቶፑ ነው ሚቀየረው?

መልስ፦ አይ፣ ላፕቶፑ ይቆይ። ዊንዶውስ 7 ላይ ሚጫነው የመጨረሻው ፓይተን የ3.8 መስመር ነው፣ ከ3.9 ጀምሮ አይቀበለውም። ከነዛ ውስጥ ተዘጋጅቶ ለዊንዶውስ ሚገኘው የመጨረሻው ጫኚ 3.8.10 ነው፣ ከፓይተን ከራሱ ገጽ ብቻ አውርደው። ለመማር በደንብ ይበቃል፣ አዳዲስ ምሳሌ ላይ ማች ኬስ ሚባል ካየህ ግን እሱ የ3.10 ስለሆነ አይሰራልህም፣ በኢፍና ኤሊፍ ጻፈው። ላይብረሪ ስትጭን ደሞ ላይብረሪ አውራጁ ፒፕ ለ3.8 ሚሆነውን ቨርዥን መርጦ ያመጣልሃል፣ እንጂ የመጨረሻውን አታገኝም። 3.8ም ድጋፉ በ2024 አልቋል፣ ዊንዶውስ 7ም በ2020፣ ስለዚ የባንክና የኢሜይል ነገር እዛ ላይ አትክፈት። ጊዜ ስታገኝ ቀለል ያለ ሊኑክስ፣ ለምሳሌ ሚንት ከኤክስኤፍሲኢ ጋር፣ ጫንበት፣ ፋይሎችህን አስቀድመህ አውጥተህ።

ጥያቄ፦ ጋሼ እኛ አራት ልጆች ነን፣ የመመረቂያ ፕሮጀክታችን የዝናብና የሐይቅ ከፍታ መረጃ የፓይተን የሰንጠረዥ ላይብረሪ በሆነው በፓንዳስ ማጠናቀር ነው። ባለፈው ሴሚስተር አንደኛችን ላፕቶፕ ላይ ሰርቶ ነበር፣ አሁን ፎርማት አድርጎት እንደገና ሲጭን ዳታ ፍሬም አፔንድ ሚባል የለውም ይላል፣ የቁጥር ላይብረሪው ኖምፓይ ላይም ፍሎት የለም ይላል። ሦስተኛዋ ልጅ ጋ ግን ያው ኮድ ይሰራል ግን ቢጫ ማስጠንቀቂያ ይደረድራል። ዲፌንስ ደርሷል፣ ኔቱም አንዴ አለ አንዴ የለም።

መልስ፦ ልጆች፣ ሦስተኛዋ ጋ ያሉት ቢጫ ማስጠንቀቂያዎች ናቸው አንደኛው ጋ ቀይ የሆኑት። ፓንዳስ ረድፍ መጨመሪያውን አፔንድን በ1.4 ይቀራል ብሎ አስጠነቀቀ፣ በኤፕሪል 2023 በወጣው 2.0 አወጣው። ኖምፓይም ኖምፓይ ነጥብ ፍሎት ሚለውን በ1.20 አስጠነቀቀ፣ በ1.24 አወጣው። ታንኳ ሰሪ ደንገሉ ውሃ እየጠጣ መክበዱን ሲያይ ሌላ ማጨድ ይጀምራል፣ ዴፕሪኬሽን ዋርኒንግም ሲመጣ እንደዛው ነው ሚታየው፣ ገና ይሰራል ግን ጊዜው ተቆርጧል።

ማስተካከያው ቀላል ነው። ኖምፓይ ነጥብ ፍሎት ሚለውን ተራ ፍሎት አድርጉት። አፔንዱን ሰንጠረዥ በሚያያይዘው በኮንካት ተኩ፣ ግን ሉፕ ውስጥ በየዙሩ ኮንካት አትበሉ፣ በየዙሩ ሙሉውን ሰንጠረዥ እንደገና ይገለብጠዋል፣ የብዙ ዓመት የቀን መረጃ ላይ በጣም ይዘገያል። ረድፎቹን ተራ ሊስት ውስጥ ሰብስባችሁ መጨረሻ ላይ አንዴ ዳታ ፍሬም አድርጉት።

ከዛ አራታችሁም አንድ ቨርዥን ላይ ሁኑ። በፕሮጀክቱ ፎልደር ውስጥ በቬንቭ ለብቻው ሚሆን ኢንቫይሮመንት ክፈቱ፣ የሚሰራለት ልጅ ፒፕ ፍሪዝ ብሎ የላይብረሪዎቹን ስምና ቁጥር ሪኳይርመንትስ ሚል ፋይል ላይ ያውጣ፣ በስምና በቁጥሩ መካከል ሁለት የእኩል ምልክት ታያላችሁ፣ ይቺ ቁጥር ብቻ ማለት ነው። ኔት ባለበት ቦታ ደሞ ፒፕ ዳውንሎድ ብላችሁ ከዛ ፋይል ላይ ያለውን ሁሉ ወደ ፍላሽ አውርዱ፣ ሌሎቹ ላይ ፒፕ ኢንስቶል ስትሉ ኖ ኢንዴክስ እና ፋይንድ ሊንክስ ሚሉትን ጨምራችሁ ከፍላሹ እንዲወስድ አድርጉ፣ አንድ ሜጋባይት አትከፍሉም። ግን ሚወርደው ላወረደው ማሽን ዓይነት ነው፣ አንዱ 64 ቢት ዊንዶውስ ከፓይተን 3.11 ጋር ሌላው ሊኑክስ ከ3.12 ጋር ከሆነ አይገጥምም፣ ስለዚ መጀመሪያ አራታችሁም የፓይተን ቁጥራችሁን አስተያዩ፣ የፓይተኑን ጫኚ ራሱንም ፍላሹ ላይ አስቀምጡት።

ከዲፌንሱ አንድ ሳምንት በፊት በምታቀርቡበት ላፕቶፕ ላይ ዋይፋዩን አጥፍታችሁ የቬንቩን ፎልደር ደምስሱና ከፍላሹ ብቻ እንደገና ጫኑት፣ ኮዱንም ከላይ እስከ ታች አንዴ ራን አድርጉት፣ የጎደለ ፋይል ካለ ስሙን እየጠራ ይነግራችኋል፣ ለማውረድም ሰባት ቀን ይኖራችኋል።